ለአንዲት የድሬሲንግ ክፍል ሲስተር ምስጋና፤ የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን ለሚጠብቃችሁ ደግሞ ጥቆማ

የምናመሰግናት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ድሬሲንግ ክፍል የምትሠራ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ደግሞ ቤት ድረስ እየሄደች ቁስል የምትቀይርና ድሬን (ከቁስሉ ፈሳሽ የሚያወጣውን ቱቦ) የምትከታተል ነርስ ናት። ስሟ እንዲጻፍ ስላልፈቀደች ሁሉም እንደሚጠራት «ሲስተር» እንላታለን። እኛ የጡት ካንሰር ታካሚዎችን በየቤታቸው የምናግዝ በጎ ፈቃደኞች ነን፤ ጎበዝ ነርስ ብርቅ አይደለም። እሷን ለይተን የምንጠቁመው አስታማሚን ስለምታስተምር ነው። አስተምራ ስትጨርስ «ገባኝ» ቢሏት አትሰማም፤ በእጃችሁ ሠርታችሁ እስክታሳዩዋት ድረስ ቆማ ትጠብቃለች። ኦፕራሲዮኑ የጥቂት ሰዓት ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሳምንታት በእህት፣ በልጅ፣ በባል እጅ የሚያልፉ ናቸውና ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቀድማችሁ ካገኛችኋት ሥራዋ የሚጀምረው በሜትር ነው። የሁለቱንም ክንድ ዙሪያ ትለካለች፤ ከክርን 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ ከዚያ የእጅ አንጓ። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ክንድ ሊያብጥ ይችላልና ቁጥሩ ደብተር ላይ ይሰፍራል። ሰው የሚሠራበት እጁ ቀድሞም ትንሽ ወፈር ሊል ስለሚችል፣ ከወራት በኋላ «አብጧል፣ አላበጠም» የሚል ክርክር ሲነሳ ዳኛው ይህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ተይዞ ይምጣ ትላለች። አስፒሪን፣ ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል ደም ያቀጥናሉ፤ የትኛው መቼ እንደሚቋረጥ የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው። በተለይ ልቡ ላይ ስቴንት (የደም ሥር ማስፊያ ቱቦ) የገባለት ሰው በራሱ ፈቃድ ቢያቋርጥ አደጋው የከፋ ይሆናል። የስኳር ታካሚ ከሆነች የኢንሱሊኑና የሜትፎርሚኑ መጠን ምግብ በማይበላበት ቀን ስለሚለወጥ በጽሑፍ ተቀበሉ። ከባህል ሐኪም የተወሰደ ነገር ካለም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ ሲስተር በዚህ ሰው አታሳፍርም።

ስለ ምግብና ውኃ ብዙ ቤት ይሳሳታል። ኦፕራሲዮኑ ለጠዋቱ 2 ሰዓት ከተያዘ ምግብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ አይበላም፤ ራቱ ጮማ ወይም ጥብስ ከነበረ ደግሞ ከዚያም ቀደም ብሎ መቆም አለበት። ወተት የገባበት ሻይ እንደ ምግብ ይቆጠራል። ንጹሕ ውኃ ግን ሰመመኑ ሊሰጥ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ የሰመመን ባለሙያው ሌላ ካላለ በስተቀር። ከማታ ጀምሮ አንዲት ጠብታ የተከለከለች ታካሚ ተራዋ ወደ ቀትር ሲገፋባት ሰውነቷ ይደርቅና ደም ሥር ማግኘት ራሱ ፈተና ይሆናል። ጸበልም በዚህ ሒሳብ ውኃ ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ በርከት አድርጋ ከጠጣች ኦፕራሲዮኑ ሊተላለፍ ይችላል። ቀደም ብላ ትጠጣ።

ብብቱን ቤት ውስጥ በምላጭ አትላጩት። ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፣ ጀርም የሚገባውም በዚያ ነው፤ ካስፈለገ ሆስፒታሉ በመቁረጫ ማሽን ያነሳዋል። የጥፍር ቀለም ይለቀቅ፣ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ እንዳይሳሳት። ልብስ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚከፈት ይሁን፤ በራስ የሚጠለቅ ቀሚስ ለብዙ ቀን አይታሰብም። ከውስጥ በኩል ሁለት ኪስ ይሰፋበት፣ ለምን እንደሆነ ከታች ይመጣል። ሲጋራ ወይም ሺሻ የምታጨስ ካለች ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ብታቆም ቁስሏ በደንብ ይድናል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበው ነገር፦ የወጣው ሥጋ። እኛ አገር ናሙናውን ሥጋው ወደሚመረመርበት የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ይዞ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ቤተሰብ ነው፤ ስለዚህ ዕቃው ምን መሆን እንዳለበት ማወቅ የእናንተ ጉዳይ ይሆናል። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የማያፈስ የላስቲክ ዕቃ፤ ውስጡ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ፈሳሽ)፣ መጠኑም የሥጋውን 10 እጥፍ ያህል። ጨው ውኃ አይሆንም፣ አልኮልም አይሆንም፣ ፍሪጅም አይገባም። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚዘልቀው በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሙሉ ጡት ሳይሰነጠቅ ካደረ መሃሉ ሳይደርሰው ይበላሽና ኢስትሮጅን፣ ፕሮጄስትሮንና ኸር-ቱ የሚባሉት ምርመራዎች ሐሰተኛ መልስ ሊሰጡ ይችላሉ። ታሞክሲፈን የተባለው የሆርሞን ሕክምና መድኃኒት ይሰጣት ወይስ አይሰጣት የሚባለው ደግሞ በኢስትሮጅንና በፕሮጄስትሮን መልሶች ነው። የፎርማሊን ቆይታው ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መሆን ይገባዋል። ኦፕራሲዮኑ ዓርብ ከዋለ ላቦራቶሪው ቅዳሜ ይቀበል እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ስሟ፣ የካርድ ቁጥሯ፣ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ፣ ሥጋው የወጣበት ቀንና ሰዓት ዕቃው ላይ ይጻፍ፤ ክዳኑ ላይ ከተጻፈ ክዳን ይቀያየራል። በመንገድ ላይ አትክፈቱት፣ ሽታው ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል።

ወደ ድሬኑ እንምጣ፤ ሲስተርን የሚያስመሰግናት ዋናው ይኸው ነው። ጡትና የብብት እጢዎች ሲወጡ ከቆዳው ሥር ባዶ ቦታ ይቀራል፣ ፈሳሽም ይጠራቀምበታል። ያን የሚስበው ቱቦ ጫፉ ላይ የሚጨመቅ ኳስ አለው፤ አንዳንዴ ደግሞ አየሩ የተሳበ ጠርሙስ ይሆናል። ጠርሙሱን ቤት ውስጥ አትክፈቱ፣ የመሳብ ኃይሉ ይጠፋል። ኳሱን ግን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ በተመሳሳይ ሰዓት እናንተው ታፈሱታላችሁ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ክዳኑ ይከፈት፣ ፈሳሹ ቁጥር ባለው ኩባያ ይቀዳ፤ ኩባያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በዓይን ትክክል ይነበብ። ክዳኑ በአልኮል በነካ ጎዝ ይጠረግ። ከዚያ ኳሱ እስኪጨማደድ ድረስ ይጨመቅና እንደተጨመቀ ይዘጋ።

ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ኳሱ ተነፍቶ ከተዘጋ ምንም አይስብም። በማግስቱ ደብተሩ ላይ 5 ሚሊ ሊትር ይጻፋል፣ ቤቱም «ቀነሰ፣ ተመስገን» ይላል። ፈሳሹ ግን ደረቷ ውስጥ ቀርቷል። ሲስተር ደብተሩን ስታይ መጀመሪያ የምትፈልገው እንዲህ በአንድ ቀን ከ80 ወደ 5 የወደቀ ቁጥር ነው፤ ካገኘች ቱቦውን ትፈትሻለች። የረጋ ደም ዘግቶት ከሆነ በአንድ እጅ ከቆዳው አጠገብ ቱቦውን አጥብቃ ትይዛለች፣ በሌላው ጣት አልኮል በነካ ጎዝ ወደ ኳሱ አቅጣጫ እየጨመቀች ትገፋዋለች። አጥብቆ መያዙ ለክሩ ነው፤ ካልተያዘ ክሩን ይጎትተዋል፣ ያማል፣ አንዳንዴም ቱቦው ይወጣል። በቱቦው ዙሪያ ጎዙ ቶሎ ቶሎ ከራሰም የመዘጋት ምልክት ነው።

ድሬኖቹ ሁለት ከሆኑ 1 እና 2 ተብለው ለየብቻ ይመዝገቡ። የሚወጡበት ቀን የሚወሰነው በየራሳቸው ቁጥር ነው፤ የተለመደው ለሁለት ተከታታይ ቀን በ24 ሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው፣ ሐኪሞች ትንሽ ይለያያሉ። ቀለሙ ከቀይ ወደ ሮዝ፣ ከዚያ ወደ ገለባ ቢጫ ይሄዳል። ኳሱ ሁልጊዜ ከቁስሉ ዝቅ ብሎ ኪሱ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሲንጠለጠል ክሩን ይጎትታል። ድሬኑ ከወጣ በኋላ ደረቷ ወይም ብብቷ ውኃ እንደያዘ ከረጢት ቢንቦጫቦጭ ሴሮማ ይባላል፣ በመርፌ ይወሰዳል፤ አትደንግጡ፣ ቤት ግን አትውጉት። ኳሱ በደማቅ ቀይ ደም ቶሎ ቶሎ ከሞላና ደረቷ ካበጠ፣ ትኩሳቷ 38 ከደረሰ፣ መግል ወይም ሽታ ካለ፣ የቁስሉ ዙሪያ ቀልቶ ከተስፋፋ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

ቁስሉ ላይ ቅቤ፣ ማር፣ ቅጠል ወይም ጸበል አይደረግ። ሲስተር ይህን ስትናገር ማንንም አትዘልፍም፤ «ጸበሉን ትጠጣው፣ ፊቷን ትታጠብበት፣ ስፌቱ ግን ደረቅ ይሁን» ብላ ታልፈዋለች። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ሁለት ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ ሳይበልጥ፤ ጉበቷን ያመማት ወይም ኪሎዋ በጣም ያነሰ ከሆነ መጠኑን ሐኪም ይቀንሰዋል። ትራማዶል ከታዘዘላት ሆድ ያደርቃል፤ ተልባና ውኃ ይበርክት። የጾም ወቅት ከሆነ የንስሐ አባቷን አስፈቅዳ እንቁላልና ወተት ብትወስድ ለቁስሏ መልካም ነው፤ ጾሜን አልፈታም ብላ ካስቸገረች ደግሞ ሽሮው፣ ምስሩና ኦቾሎኒው ይበርታ።

ክንዷን በተመለከተ ሲስተር ብቻዋን አትሠራም፤ ከፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ጋር ታገናኛችኋለች፣ እነሱንም በዚሁ እናመሰግናለን። ከኦፕራሲዮኑ ማግስት ጀምሮ ጡጫ መጨበጥና መክፈት፣ ክርን ማጠፍና መዘርጋት፣ ትከሻን ማንሳትና ማውረድ፣ በረጅሙ መተንፈስ ይጀመራል። ድሬኑ እስኪወጣ ክንዱ ከትከሻ በላይ አይነሳ፣ ፈሳሹን ያበዛል። ከወጣ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጣቶቿ ሽቅብ ትድሃለች፤ የደረሰችበት ላይ በእርሳስ ምልክት ይደረግ፣ አንዴ ከ5 እስከ 7 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራቴ። መሳሳብ ይኑር፣ ስለታም ሕመም ግን አይኑር። «ታማለች፣ ትረፍ» ብለው የሚከለክሉ ዘመዶች አሉ፤ ፍቅራቸው ነው፣ ግን ይጎዳታል። የጨረር ሕክምና ከታዘዘላት ማሽኑ ላይ የምትተኛው ክንዷን ከራሷ በላይ አድርጋ ሳትንቀሳቀስ ነው፤ ትከሻዋ ከደረቀ ሕክምናው ይዘገይባታል። ተራ ጠብቃ ያገኘችው ቀን በትከሻ ምክንያት ሲያልፍ ያሳዝናል።

ከብብት ወደ ክርን የተወጠረ ገመድ የመሰለ ነገር ከቆዳዋ ሥር ቢታይ ካንሰሩ ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ከእጢ መውጣት በኋላ የሚመጣ ነው፣ በማሳሳብ ይለቃል። የክንዷ የውስጥ በኩል መደንዘዙ ደግሞ በብብት በሚያልፍ የስሜት ነርቭ ምክንያት ነው፤ ለአንዳንዷ ይመለሳል፣ ለአንዳንዷ አይመለስም። ደነዘዘ ማለት ደግሞ ሲቃጠል አይሰማትም ማለት ነው፤ የምጣድ እንፋሎትና የከሰል ፍም ላይ ተጠንቀቁ።

የክንድ እብጠት ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ቀለበት ወይም አምባር ሲጠብ፣ ወይም በሜትር 2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ሲገኝ ቶሎ ይታይ፤ ክንዱ ቀልቶ ግሎ ትኩሳት ካመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። መርፌና የደም ግፊት መለኪያ በዚያ ክንድ አይደረግ የሚለው ምክር የዛሬ ጥናቶች እንደ ድሮው አያጠብቁትም፤ ቢሆንም ደኅናው እጅ እያለ እሱን መጠቀም ምን ይጎዳል? ሸክም ግን ቀልድ አይደለም። የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 2 ኪሎ ይበቃታል። ቡና መውቀጥ፣ ሊጥ ማቡካት፣ ልብስ ማጠብና ልጅ ማዘል ይቆይ። ጠያቂ ሲመጣ «ቡና ላፍላ» ብላ ብድግ እንዳትል ስኒውን የሚይዝ ሰው ከበፊቱ ይመደብ።

ሰው ሠራሽ ጡት የምትፈልግ በመጀመሪያ ጥጥ የተሞላ ቀላሉን ታድርግ፤ ክብደት ያለውን ቁስሉ ሲደርቅ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ። ሲስተር የምታውቃት ልብስ ሰፊ ጡት መያዣው ላይ ከውስጥ ኪስ ትሠራለች፣ ሥራዋ ንጹሕ ነው።

የሲስተርንም ጉድለት እንንገራችሁ። ቁጡ ናት፤ ደብተር ሳይዙ የሚመጡትን በደንብ ትቆጣለች። ቅዳሜና እሑድ ስልኳ ቶሎ አይነሳም። የፓቶሎጂ መልስ ተቀብሎ ሐኪም ጋ ያልተመለሰ ሰው ሲያጋጥማት ግን ራሷ ደውላ ትነዘንዛለች፤ ትክክልም ናት፣ ኬሞ ከታዘዘ በተለመደው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ ይጀመራልና «ቁስሉ ዳነ» ብሎ አገር ቤት መግባት ብዙ ያስከፍላል። ከክልል መጥታችሁ አዲስ አበባ ማረፊያ ለሌላችሁ፣ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለካንሰር ታካሚዎች ማረፊያ ስላለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ስልኳን በውስጥ መስመር ለሚጠይቀን እንልካለን። የቤት ለቤት ክፍያዋን ገና ከመምጣቷ በፊት ትነግራችኋለች። ስትደውሉ የመውጫ ወረቀቱን፣ የድሬኑን ደብተርና የመጨረሻውን የትኩሳት ልኬት አጠገባችሁ ይዛችሁ ይሁን፤ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ትናንት ማታ ስንት ሚሊ ነበር?» ነው።