የገዛ አያቴን በ14,500 ብር ሸጡልኝ፤ ተጠንቀቁ

ነገሩ ከደረሰብን ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ንዴቱ አልበረደልኝም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ያ ልጅ፣ አስጎብኚው ማለቴ ነው፣ «ጋሼ እንደምን አደሩ፣ እማማ ደህና ናቸው? ገጻችን ላይ አምስት ኮከብ ቢሰጡን» ብሎ ላከልኝ። አምስት ኮከብ! ስለዚህ ኮከቡን እዚህ ልስጠው።

ታውቋቸዋላችሁ። ጣና ዳር፣ ጀልባ ማሳፈሪያው አካባቢ መታወቂያ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚቆሙት ናቸው። ድሮ ፈረንጅ በሽ በነበረ ጊዜ ዘጌ፣ ጢስ ዓባይ እያሉ ጥሩ ይኖሩ ነበር። ፈረንጁ ሲጠፋ ወደ እኛው ዞሩ። እንጀራ ነውና አልፈርድባቸውም። አሁን ያመጡት ግን አዲስ ነገር ነው። «አያትዎ በጣልያን ጊዜ የተዋጉበትን፣ የወደቁበትን ቦታ አጣርተን፣ የዓይን ምስክር አቅርበን እናሳይዎታለን» ይላሉ። መኪና፣ ምሳ፣ ቪዲዮ፣ በመስታወት የተገጠመ የምስክር ወረቀት ጭምር።

የእናቴ አባት ከደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ሰዎች ጋር በዱር በገደሉ ሲዋጋ የኖረ ሰው ነበር። ቤታችን ውስጥ እንደሚወራው፣ በ1933 የካቲት ላይ የዳንግላው የጣልያን ጦር ቦታውን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሲሸሽ፣ እያሳደዱት ሳለ ነው የቀረው። ጃንሆይ በኦሜድላ በኩል ከገቡ ገና ወር ገደማ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ጥይት የሳተው ሰው ነጻነቱ ደጅ ሲደርስ ቀረ። ዐፅሙ የት እንዳረፈ የሚያውቅ የለም። እናቴ ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን 87 ዓመቷ ነው። ዕድሜ ልኳን የምትመኘው አንድ ነገር ነው፤ ቦታውን አይታ፣ እፍኝ አፈር ዘግና፣ ለደብራችን አምጥታ ፍትሐት ማስደረግ።

ይህን ሁሉ ልጁ ከማን ሰማው? ከኔው። ጅልነቴ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሁለት ገጽ ፎርም ላከልኝ፤ የአያት ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ የጦር አለቃ፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የቆሰሉበት ቦታ፣ የፈረስ ስም። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ አንድም ሳላስቀር ሞላሁ። መሣሪያ፤ ምንሽር። ቁስል፤ ግራ ትከሻ። የፈረስ ስሙን ስለማላውቅ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። እሱ ጉራ የማይጠላ ሰው ነው፤ ትንሽ እንኳ ሳያስብ «አባ መብረቅ!» አለኝ። ጻፍኩት። 7,000 ብር ቀብድ በቴሌብር ላክሁ። ሳምንት ሳይሞላ «ጋሼ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቦታው ተገኝቷል» ተባልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ደጃችን ቆመ። የቀረውን 7,500 ሳንሳፈር ተቀበሉኝ። ደረሰኝ ብዬ ስጠይቅ «ማኅበራችን በምዝገባ ላይ ነው» አለኝ። ከዚያ መኪናው ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ ታጠፈ። ባሕር ዳር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዳንግላ በየት በኩል እንዳለ አላጣሁትም። ከዳንግላ የሚሸሽ ጦር በጢስ ዓባይ ዞሮ ባሕር ዳር እንደማይገባ የባጃጅ ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። ጠየቅሁት። «ጋሼ፣ ጦርነት እኮ ቀጥ ብሎ አይሄድም» አለኝ። እኔም ጥልቅ ነገር የሰማሁ መስሎኝ ዝም አልኩ።

እናቴን መኪና ውስጥ ትተን ወደ ድንጋዩ ድልድይ ወሰደኝ፤ ያ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራው፣ ፖርቹጋሎች ሠሩት የሚባለው። መሀሉ ላይ አቁሞኝ «አርበኞቹ ጠላት እንዳይሻገር የሰበሩት ድልድይ ይህ ነው» አለ። እናንተዬ፣ ቆሜበት! ሙሉ ድልድይ ላይ ሁለት እግሬን ተክዬ «ተሰብሯል» ሲለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። በጣልያን ጊዜ አርበኞች የሰበሩት ከሞጣ በታች ያለው ነው፤ ስሙም ሰባራ ድልድይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ምልክት እጠብቅ ነበር?

ስንመለስ ከመንገዱ ገባ ብለን አንድ ኮረብታ ሥር ቆምን። እናቴን እኔና ሾፌሩ በግራና በቀኝ ደግፈን አወጣናት። «የዓይን ምስክሩ» ነጭ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው ይጠብቁናል። «ያኔ እረኛ ነበርኩ፤ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ» ብለው ጀመሩ። በ1933 ከብት ይጠብቅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢያንስ 90 ዓመት አልፎታል። እኚህ ሰው ግን ትንሽ ቆይተው የላይኛውን ቋጥኝ ሊያሳዩን ሲነሱ ከኔ ቀድመው ነው ዘለው የወጡት። ይህን ያሰላሁት ማታ ተኝቼ ነው።

ምንሽሩን እንዳቀፈ አሉ። ግራ ትከሻውን ሲመታው አሉ። የመንገሻ ጀምበሬ ሰው አሉ። ሁሉም ልክ ልክ ሲሆን ጸጉሬ ቆመ። እንዴት ልክ አይሆንም! ራሴ ጽፌ የላክሁትን ነው መልሰው የሚያነቡልኝ። እናቴ ግን ስለ ፎርሙ የምታውቀው ነገር የለም። ተንበርክካ የሰውዬውን ጉልበት ሳመች። ከዚያ መሬቱን ሳመች፤ አፈሩንም ዘግና በመሐረቧ ጫፍ ቋጠረች። እኔ እያለቀስኩ 2,000 ብር አውጥቼ ሰውዬው እጅ ላይ አደረግሁ። ከስምምነቱ ውጭ፣ በገዛ እጄ።

ብሩ ሳያሞቃቸው አልቀረም፤ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው «ዘራፍ!» አሉ። «ዘራፍ የአባ መብረቅ አሽከር! በዳማ ፈረሱ ላይ ሆኖ…»

እናቴ እልልታዋን ጀምራ ነበር። መሀል ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ አባ ማን አሉ?»

«አባ መብረቅ እንጂ! ያ ዳማ ፈረሳቸው…»

«አባቴ ፈረስ አልነበረውም» አለች፤ ድምፅዋን ሳታነሳ። «በእግሩ ሄደ፣ በእግሩ ቀረ። እናቴ ስታለቅሰው ‹ምነው አህያ እንኳ በኖረው› ነበር የምትል። የማንን አባት ነው የሚያወሩልኝ?»

ሰውዬው እናቴን አላዩም፤ ልጁን አዩ። ልጁ ደግሞ ስልኩን ከፍቶ አየ። ከጎኑ ቆሜ ነበርና ስልኩ ላይ ያለውን አየሁት። የኔ ፎርም ነው።

ይህንንም ይቅር ባልኩ። ያኔ ቢያፍር፣ አንገቱን ቢደፋ ይቅር እል ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ እናቴ እዚያው ቆማ እየሰማች፣ «እማማ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ይረሳሉ» አለኝ። የአባቷን ነገር የዘነጋች እሷ ሆና አረፈችው! ገለል አድርጌ ገንዘቤን መልስ ስለው ድምፁ ተለወጠ። «ጋሼ፣ ለምን ይጨነቃሉ? ሰው የሚፈልገው አርበኛ አያት ነው፤ አርበኛ ሰጠንዎት። አጥብቀን ብንፈልግ ደግሞ ባንዳ ሆነው ቢገኙስ?»

ሾፌሩ ሳቀ። ያ እናቴን ደግፎ ያወጣው ሾፌር። ለባንዳው ነገር መልስ ቢቸግረኝም አፌ ይያዝ እንጂ እጄ አልተያዘም ነበር፤ እናቴ ናት «ተው ልጄ፣ እንሂድ» ያለችኝ። በእነሱው መኪና መመለሳችን ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ሌላ መኪና ከየት ይምጣ? አርባ ደቂቃ ያህል ማንም ሳይናገር፣ እነሱ ሙዚቃ ከፍተው። የምስክር ወረቀቱን ስንወርድ በመስኮት አቀበሉኝ። «አባ መብረቅ» የሚለው በወርቃማ ቀለም ተጽፏል።

ለአክስቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። «ታዲያ ፎርሙ ላይ የፈረስ ስም የሚል ነበረ አላልከኝም?» አለኝ። እሱን ሌላ ቀን እመለስበታለሁ።

ለማንኛውም፣ የሚጠሯችሁ ካሉ ፎርም አትሙሉ። የሚያውቁትን አስቀድመው እነሱ ይንገሯችሁ፤ እናንተ ዝም በሉ። ስለ ዘማች ዘመዳችሁ መጠየቅ ካለባችሁ አርበኞች ማኅበር አለ፣ በየደብሩም ያለ ክፍያ የሚያወጉ ሽማግሌዎች አሉ። ብሩንም ሳትሳፈሩ አትጨርሱ።

መሐረቡ እንደተቋጠረ ቁም ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። ትናንት ልደፋው ሳነሳ እናቴ እጄን ያዘችኝ። «የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከተነሳበት መልሰህ አስቀምጠው» አለች። ስለዚህ ለእፍኝ አፈር እሁድ እንደገና ወደ ጢስ ዓባይ እሄዳለሁ። የዚህን ትራንስፖርት ገና ሒሳቡ ውስጥ አላስገባሁትም።