ባንድ ልሰማ ሄጄ፦ የክረምቱ አዲስ አበባ አገልግሎት እንዴት ነው?

ዘንድሮ አገር ቤት የገባሁት ዘመድ ለመጠየቅ ብቻ አልነበረም። ባንድ ልሰማ ነው የሄድኩት። ሰው ሲጫወተው እያየሁ የምሰማው፣ ድራሙ ደረቴ ላይ የሚያርፍ ሙዚቃ ናፍቆኝ ነበር። እኛ ሜሪላንድም ዘፋኝ ይመጣል፣ አዳራሽ ይከራያል፣ ሰው ይሞላል። ግን ብዙ ጊዜ ከዘፋኙ ኋላ አንድ ሁለት ሰው ኪቦርድ ይዞ ነው የሚቆመው፤ ሙሉ ባንድ ቪዛ አግኝቶ፣ ትኬት ተቆርጦለት፣ ሆቴል ተይዞለት እስኪመጣ ድረስ ወጪው አይቀመስም። ስለዚህ ከሲም ካርዱ እስከ ታክሲው የተጠቀምኩበትን ሁሉ የመዘንኩት በዚሁ ነው፤ ሙዚቃውን በደንብ እንድሰማ ረድቶኛል ወይስ እንቅፋት ሆኖብኛል?

መጀመሪያ ስለ ጊዜው ልናገር፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ነው የምንከስረው። ከአሜሪካ የምንሄድ ሰዎች የልጆች ትምህርት ሲዘጋ ሐምሌ ላይ እንገባና ነሐሴ ሳያልቅ እንመለሳለን። ለባንድ ይሄ የዓመቱ ቀዝቃዛ ወቅት ነው። ሐምሌ ዝናቡ አያስወጣም። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ደግሞ ፍልሰታ ነው፤ ሕፃን ሳይቀር የሚጾመው ጾም ስለሆነ ጭፈራ ቤቱ ጭር ይላል፣ ሙዚቀኛውም ይጾማል። ጾሙ ሲፈታ ነው ከተማው የሚነቃው። ከዚያ በኋላ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ድረስ የኮንሰርት ማስታወቂያ በየቦታው ይለጠፋል፣ ሬዲዮው ሌላ ወሬ የለውም። ከቻላችሁ መስከረም 1ን እዚያው ውላችሁ ተመለሱ። ልጆች ላላችሁ ከባድ ነው። ቢሆንም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአበሻውን ካሌንደር አንድ ጊዜ እዩት።

ቦሌ እንደወረዳችሁ ፓስፖርታችሁን ይዛችሁ ሲም ካርድ አውጡና በስልክ ገንዘብ የሚከፈልበትን ቴሌብር ክፈቱ። እኔ የሄድኩባቸው ኮንሰርቶች ትኬት የሚሸጠው በስልክ ነበር፤ በር ላይ የውጭ አገር ካርድ የተቀበለኝ የለም። ያስተናገደችኝ ልጅ ፎርሙን ራሷ ሞልታ፣ የመጀመሪያዋን ክፍያ አብራኝ ሞክራ፣ «ጋሼ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም እንዳይነግሩ» ብላ ነው የሸኘችኝ። እግዜር ይስጣት፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልተቸገርኩም።

ማረፊያዬን ገርጂ አካባቢ አንድ እንግዳ ማረፊያ አደረግኩ። ዘመዶቼ ተቀየሙ፣ እውነት አላቸው። ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በር እያንኳኩ አክስት መቀስቀስ አይሆንም። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለው፣ ዘበኛው ስንት ሰዓትም ብመጣ ፊቱ አይጠቁርም። ለዚህ ዓይነት ጉዞ ከቁርሱም ከአልጋውም ዘበኛው ይበልጣል።

መጓጓዣው ቀን ላይ ጥሩ ነው። በስልክ ከሚጠሩት ታክሲዎች ራይድ አለ፣ ፈረስ አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ መኪናው ይመጣል፣ ዋጋው ስልኩ ላይ ይታያል። ችግሩ ሌሊት፣ ያውም ዝናብ ሲሆን ነው። ኮንሰርቱ አልቆ ሁሉም ሰው በአንዴ ስልኩን ሲያወጣ መኪና የለም። ቢገኝም ሹፌሩ ይደውልና «ወንድሜ፣ ባየኸው ዋጋ አይሆንም፣ ዝናብ ነው» ይላል። አንዱ እሺ ብሎ ተነስቶ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ፣ ተጨማሪ ካልከፈልኩ አልሄድም ብሎ ዳር ያዘ። ለሠራበት መክፈል ደስ ይለኛል፤ ሰው ሜዳ ላይ አቁሞ መደራደር ግን ነውር ነው። መፍትሔው የወንድሜ ልጅ ያሳየኝ ነው። ቀን ላይ ያመጣችሁ ሹፌር ጥሩ ሰው ከሆነ ስልኩን ያዙ፣ የመመለሻውን ዋጋ እዚያው ተስማሙ፣ ሰዓት ስጡት። እኔን የሚመልሰኝ ልጅ ኮንሰርቱ እስኪያልቅ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ይጠብቀኝ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዓሉ ሊገባ ሲል አንድ ትልቅ የሜዳ ኮንሰርት ገባሁ። ብዙ ባንዶች ከቀን እስከ ሌሊት ይጫወታሉ ተብሎ ነበር የተነገረው። የአዘጋጁን ስም አልጠቅስም፣ ምክንያቱም ያየሁት ችግር የሱ ብቻ አይደለም። ፍተሻው ሁለት ቦታ ነው፣ ግን ፈጣን ነው፣ ፈታሾቹም ሰው ያከብራሉ። ጃንጥላ አይገባም ይላሉ። በክረምት ጃንጥላ ከከለከልክ ድንኳን ትጥላለህ፣ ወይም የዝናብ ልብስ ትሸጣለህ፤ ሁለቱም አልነበረም። ኮፍያ ያለው ጃኬት ልበሱ፣ ጭቃ የሚችል ጫማ አድርጉ። ጥብሱ ጣፋጭ ነው፣ ዋጋው ግን ያሰክራል። መጸዳጃው ለሕዝቡ አይበቃም፤ ሴቶቹ የቆሙበት ሰልፍ አንድ ሙሉ ባንድ ያሳልፋቸዋል። ቪአይፒ የሚባለው ሦስት እጥፍ ተከፍሎበት ጎን ላይ፣ ስፒከሩ ሥር ነው። ሶፋ አለው፣ ሙዚቃ የለውም። መደበኛውን ትኬት ቁረጡና የድምፅ ባለሙያው ሚክሰር ያለበት ጋ ቁሙ። ሰውዬው ድምፁን የሚያስተካክለው ለራሱ ጆሮ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ሁሉም መሣሪያ ለየብቻው ይሰማል።

አሥር ሰዓት ይጀምራል የተባለው ማታ አንድ ሰዓት አልፎ ጀመረ። መዘግየቱን እንኳ ለምደነዋል። ያልለመድኩት የተራው ነገር ነው፤ ማን መቼ እንደሚጫወት የተጻፈበት ወረቀት የለም። አሜሪካ የበጋ ፌስቲቫል ስትሄዱ መጀመሪያ የሚሰጣችሁ እሱ ነው፤ የትኛው ባንድ፣ የትኛው መድረክ፣ ስንት ሰዓት። እዚህ መድረክ መሪውን ጠየቅን፣ አያውቅም። በባንድና በባንድ መካከል ያለው ጊዜም ረጅም ነው። ድራሙ አንድ ነው፣ ማይኮቹ ተነቅለው እንደገና ይተከላሉ፣ ሳውንድ ቼክ ሕዝቡ ፊት ይሠራል፣ አንድ ልጅ «ዋን፣ ቱ» እያለ ሩብ ሰዓት ይሄዳል፣ በዚያ መሐል ዲጄው ባንዱ ሊጫወተው ያለውን ዘፈን ከካሴቱ ከፍቶት ቁጭ ይላል። ይሄ ለሙዚቀኛው በደል ነው።

ሁለተኛ የወጡትን ልጆች መቼም አልረሳቸውም። ሁለት ሳክስፎን፣ አንድ ትራምፔት፣ ቤዝ፣ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ድራም፣ ከጎን ከበሮ የያዘ ወጣት። ዘፋኙ ገና አልወጣም። በባቲ ቅኝት ጀመሩ፣ ቀስ ብለው ወደ ችክችካ ምት አስገቡት፣ ትንፋሾቹ ጥያቄና መልስ ይዘው ሲቀባበሉ ዙሪያዬ የነበረው ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዝናቡ መጣ። አንድ ሠራተኛ ላስቲክ ይዞ እየሮጠ ሞኒተሮቹን አለበሰ። ትንሽ ቆይቶ ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። መብራት የለም፣ ቤዝ የለም፣ ኪቦርድ የለም። ባለ ከበሮው ግን አላቆመም። ድራመሩ ወዲያው ገባለት። ከዚያ አንደኛው ሳክስፎኒስት ከመድረኩ ጫፍ ድረስ መጥቶ ያለ ማይክ መንፋት ጀመረ፣ ሰውም በጭብጨባ ምቱን ያዘላቸው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ዝናብ እየወረደባቸው በዚያው ቆዩ። ቤዙ ሲመለስ ከነሱ ጋር አንዲት ምት አልሳተም። ከምቱ አልወጣማ፣ ቆሞ በእግሩ እየመታ ነበር።

የወንድሜን ልጅ «ይሄ ባንድ ማን ይባላል?» አልኩት። አያውቅም። ጎናችን ያሉትን ጠየቅን፣ አያውቁም። ፖስተሩ ላይ ያለው የዘፋኙ ፎቶ ብቻ ነው። አጥሩ ጋ ሄጄ ገመድ የሚጠቀልል ልጅ ጠየቅኩ። «የእገሌ ባንድ ነው» አለኝ፣ የዘፋኙን ስም ጠርቶ። ራሳቸውስ ስም የላቸውም? ትከሻውን ነቀነቀ። እነዚያ ልጆች ያን ማታ ሦስት ዘፋኝ አጅበው፣ የሦስቱንም ዘፈን በቃላቸው ይዘው፣ መድረክ መሪው አንዴም ሳያስተዋውቃቸው ወረዱ።

ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ዋልያስ ባንድ ሂልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል፣ ዳህላክ ጊዮን እየተባለ ሰው የሚሄደው በባንዱ ስም ነበር። በደርግ ጊዜ በሰዓት እላፊው ምክንያት ሰው ከገባ በኋላ በሩ ተዘግቶ እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር፤ ያን ያህል ሰዓት የሚችል ባንድ ስሙ ቢከብር ምን ይገርማል? አይቤክስ በኋላ ሮሃ ሆነ፣ በካሴት ዘመን ሮሃ ያላጀበው ስመ ጥር ዘፋኝ ማግኘት ይከብዳል። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ፣ የሰላም ሥዩምን ጊታር አድማጩ በጆሮው ይለይ ነበር። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሲዞሩ የተወሰኑት እዚሁ አሜሪካ ቀሩ። ኪቦርዲስታቸው ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ቆይቶ፣ የድሮ ሥራው እንደገና ሲታተም ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። ይሄ የሆነው እኮ ስሙ ካሴቱ ላይ ስለተጻፈ ነው። የዛሬዎቹን ልጆች ከ40 ዓመት በኋላ ማን ብሎ ይፈልጋቸዋል? አዘጋጆች ሆይ፣ ፖስተሩ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ወጪ የለውም።

ወደ ትንንሾቹ ቤቶች ስሄድ ደግሞ ልቤ ሞላ። የካዛንቺስን አዝማሪ ቤቶች የምታስታውሱ፣ እዚያ አትፈልጓቸው። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ዳንሰኛው መላኩ በላይ የባህል ማዕከል ያደረገው አዝማሪ ቤት ፈንድቃም ከነበረበት ተነስቷል። እኔ በዚያ ቦታ ሳልፍ ሆዴ ባባ። አዝማሪ ግን አልጠፋም፣ ጠያይቃችሁ ታገኙታላችሁ። እኔ የገባሁበት ቤት ጠባብ ነው፣ በርጩማ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም፣ የምትጠጡትን ትከፍላላችሁ፣ አዝማሪውን ትሸልማላችሁ። ለሽልማት ዝርዝር ብር ይዛችሁ ግቡ። ዝናብ የዋለበት ቀን ስለነበር የመሲንቆው ቆዳ ረግቦ ድምፁ ታፍኗል። አዝማሪው ምንም ሳይናገር ቡና የምታፈላዋ ሴትዮ ከሰል ጋ ሄዶ ተቀመጠ፣ መሲንቆውን ዝቅ አድርጎ እሳቱን አስነካው፣ በጣቱ እየኳኳ ቆየ። ቆዳው ሲወጠር ጭራውን አጠበቀ፣ ተነሳና በቀጥታ የኔን ጃኬት አይቶ ስለ አሜሪካ ብርድ ግጥም አወረደ። መስተንግዶው፣ ድምፁ፣ ዋጋው፣ ሁሉም አንደኛ።

እንግዳ ወይም አገሩን የማያውቅ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ዮድ አቢሲኒያን የመሰሉት የባህል ምግብ ቤቶች ይሻላሉ። ከክራርና ከመሲንቆው ጋር የጉራጌው፣ የወላይታው፣ የጎጃሙ፣ የትግራዩ ጭፈራ በአንድ ማታ ይታያል። ፈረንጅ ይበዛል፣ ለልጆቻችን ግን ትልቅ ነገር ነው። ወንበር ቀድማችሁ አስይዙ።

በጣም የወደድኩት ግን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያገኘሁትን አነስተኛ የላይቭ ቤት ነው። መግቢያ ይከፈላል፣ በቴሌብር። መድረኩ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ አይነሳም። ሳውንድ ቼኩ ሰው ከመግባቱ በፊት ያልቃል፣ ድምፁ ጆሮ አያደነቁርም፣ ከጎን ካለ ሰው ጋር ሳትጮኹ ታወራላችሁ። አስተናጋጆቹ ሶሎ እየተሰማ ትዕዛዝ ለመቀበል ፊታችሁ አይቆሙም፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ፣ የባንዱ ስም በጠመኔ ተጽፎበታል፣ ከሥሩ የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው። ዘፋኝዋ ራሷ ከመውረዷ በፊት አንድ በአንድ አስጨበጨበችላቸው። ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆችም አሉበት፣ ትዝታን ወደ ጃዝ ይወስዱትና ሳያበላሹ ይመልሱታል። ከሐሙስ ጀምሮ ነው ጥሩው ቀን። ሦስት ተኩል ይጀመራል ካሏችሁ አራት ሰዓት ነው፣ እናንተ ግን ሦስት ላይ ግቡ፣ ወንበሩ ቶሎ ያልቃል። ከመድረኩ በስተግራ፣ ቤዙ ጋ ተቀመጡ።