ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ቢላ የሚስሉልኝን አባት ላስተዋውቃችሁ

ይህን ልጽፍ ካሰብኩ ሁለት ወር አለፈኝ። ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ ትዝ አሉኝና እጄን ታጥቤ ስልኬን አነሳሁ። ምስጋናዬ ቢላ ለሚስሉ አንድ አባት ነው። አዎ፣ ቢላ። አትሳቁ።

ነገሩ የተጀመረው በአውራ ጣቴ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ዶሮ እየበለትኩ ነበር። የቤታችን ቢላ ቲማቲም ይጨፈልቃል እንጂ አይቆርጥም፤ እኛም ለምደነው "ይሄን ቢላ አንድ ቀን ማሳል አለብን" እያልን ዓመት ኖረናል። ስለማይቆርጥ ኃይል ጨመርኩ። ኃይል ስጨምር ከዶሮዋ ቆዳ ላይ ሸርተት ብሎ ጣቴ ላይ አረፈ። ጤና ጣቢያ፣ ሦስት ስፌት፣ የበዓሉ ሥራ በሙሉ በእማዬ ጫንቃ ላይ። እሷም እየተቆጣች "እንኳንም አልተሳለ! ስለታም ቢሆን ኖሮ ጣትሽን ይዞት ይሄድ ነበር" ትላለች። ያን ጊዜ እውነቷን መስሎኝ ዝም አልኩ።

በዓሉ ሲያልፍ ሦስቱንም ቢላዎቻችንን በግራይንደር ወደሚሞርድ አንድ ቤት ወሰድኳቸው። የት እንደሆነ ይቅር። እሳቱ ሲፈናጠር ማየት ደስ ይላል፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም፣ ቤት ስገባም በእርግጥ ይቆርጡ ነበር። በሳምንቱ ተመልሰው ዱልዱም። አንደኛው ጫፉ አካባቢ ሰማያዊ ሆኗል። ሌላው ደግሞ መሀሉ ላይ ብዙ ስለተበላ መክተፊያ ላይ ሲያርፍ በሥሩ ብርሃን ያሳልፋል፣ ስለዚህ የከተፍኩት ቃሪያ ሁሉ እንደ መቁጠሪያ ተያይዞ ይነሳል።

አባባን ያገኘኋቸው በዓሣ ምክንያት ነው። (ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ እንዲሁ አባባ ልበላቸው።) ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሮሶ ልገዛ ሄጄ፣ ዓሣውን የሚያዘጋጅልኝን ልጅ ቆሜ አያለሁ። ቢላው ከመሳል ብዛት እንደ ቅጠል ሳስቷል። ግን አከርካሪውን ተከትሎ አንዴ ሲያልፍ ሥጋው ብቻውን ተገልጦ ይነሳል። አጥንቱ ላይ የቀረ ነገር የለም።

"ማነው የሚስልልህ?" አልኩት።

እጁ በዓሣ ስለተለቀለቀ በአገጩ ጠቆመኝ።

ዘንባባ ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። (የከተማችን ዘንባባ ጥላ አለው ከተባለ።) በርጩማ፣ ውኃ የያዘ የቀለም ባልዲ፣ ሁለት ድንጋይ፣ አንድ ያረጀ የቆዳ ቀበቶ። ማሽን የሚባል ነገር የለም። ልጅ ሆነው ለታንኳ ደንገል ለሚያጭዱ ሰዎች ማጭድ ሲስሉ እንዳደጉ ኋላ ነው የነገሩኝ።

ቢላዎቼን ሳሳያቸው ሰማያዊውን አንስተው እያገላበጡ ቆዩ።

"ምነው ልጄ፣ ይህን ማን አቃጠለው?"

ለካ ቢላ ይቃጠላል። የቢላ ብረት ጥንካሬውን የሚያገኘው ሲሠራ በእሳት ግሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና በልክ ሞቆ ነው። ስለቱ ደግሞ ስስ ነው፤ ግራይንደር ላይ ውኃ ሳይነካ ትንሽ ከቆየ ወዲያው ይግላል፣ ወደ 300 ዲግሪ ሲጠጋ ሰማያዊ ይሆናል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይሄዳል። ተስሎ ይመስላል እንጂ ለስልሷል። ለዚህ ነው የኔዎቹ ሳምንት ያልዘለቁት። አባባ ግን የሠራውን ሰው አልሰደቡም፣ "ቸኩሎ ነው" ብለው ብቻ አለፉ። የተቃጠለው እየተበላ እስኪያልቅ ጊዜ እንደሚወስድ፣ በአንድ ቀን አዲስ አደርገዋለሁ ብለው እንደማይዋሹኝም ነገሩኝ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ግን ሦስተኛው ቢላ ነው። አልስለውም አሉኝ። "ይሄ አልደነዘም፣ ስለቱ ታጥፎ ነው።"

ሥጋ ቤት ስትገቡ ቆራጩ ቢላውን ክቡ ሞረድ ላይ ፈጠን ፈጠን አድርጎ ሲያፋጭ አይታችሁ የለ? እኔ ለጉራ ይመስለኝ ነበር። ያ ብረት ብዙም አይበላም፤ በመቁረጥ ብዛት ወደ ጎን የተኛውን ስስ ጠርዝ ነው ቀና የሚያደርገው። አባባ ከኪሳቸው ሲኒ አወጡ። ቡና ሊጠጡ መስሎኝ። ገለበጡትና ሥሩ ላይ ባለችው፣ የሚያብለጨልጨው ቅብ ባልነካት ሻካራ ቀለበት ላይ ቢላውን ግራና ቀኝ ስድስት ሰባት ጊዜ ቀለል አድርገው ሳቡት። የጋዜጣ ወረቀት አንስተው ቆረጡበት። ድምፅ ሳያሰማ ወረደ።

"ይህን ቤትሽ ታደርጊዋለሽ። ለዚህ ብር አልቀበልሽም።"

የሁለቱን 100 ብር ከፈልኩ፣ ሦስተኛው በነፃ። ሥራ ላለመቀበል የሚከራከር ባለሙያ መጨረሻ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

በወሩ ተመልሼ ስሄድ ደግሞ "ድንጋይ ግዢና ላሳይሽ" አሉኝ። ገዛሁ፤ ባለ ሁለት ፊት ነው፣ በአንዱ በኩል 400፣ በሌላው 1000 የሚል። ቁጥሩ ሲጨምር ድንጋዩ ይልማል። 400ው በጣም ለደነዘና ለተሸራረፈ፣ 1000ው ለዘወትር። መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ አረፋ መስጠት እስኪያቆም። እኔን ያስቸገረኝ ቢላውን ማጋደሉ ነበር። ዲግሪ ምናምን አላሉኝም። "ቀጥ አድርገሽ አቁሚው። አሁን በግማሽ አስተኚው። አሁን ደግሞ የቀረውን በግማሽ። ከዚያ ትንሽ ዝቅ።" ቤት ገብቼ ሳሰላው 90፣ 45፣ 22፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ሲል 20 አካባቢ ነው። ለቤት ቢላ ልኩ እሱ ነው። ለዓሣ ቢላ ከዚያም ይቀንሱታል።

ከዚያ ሳትጫኑ፣ ማጋደሉን ሳትቀይሩ፣ ከእጀታው ሥር እስከ ጫፉ በአንድ ወገን ብቻ መሳል። እስከ መቼ? ጠርዙ እስኪሻክር። በሌላኛው ወገን ጣታችሁን ከላይ ወደ ስለቱ ውጪ ስታሳልፉ (ስለቱን ተከትላችሁ አይደለም፣ አደራ!) ትንሽ የሚይዝ የብረት ሽርክት ይሰማችኋል። እሱ ከዳር እስከ ዳር ካልተሰማ ስለቱ ገና አልደረሰም ማለት ነው። እኔ ሁልጊዜ ጫፉ ጋ ስደርስ ነበር የምቸኩለው። ከተሰማ ገልብጦ ያንኑ መድገም፣ መጨረሻ ላይ በጣም ቀለል አድርጎ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ፣ ከዚያ ቀበቶው ላይ ወደ ጀርባው በኩል መሳብ። ወደ ስለቱ በኩል ከሳባችሁ ቀበቶው ሁለት ነው። የኔ ሁለት ሆኗል።

ቁጣቸውም አይረሳኝም። ምን ላይ እንደምከትፍ ጠየቁኝ። ትሪ ላይ አልኳቸው። እንደ ሰደብኳቸው ነው ያዩኝ። ብረት ላይ፣ ሰሃን ላይ፣ መስታወት ላይ የሚከትፍ ሰው ቢላ አልስልም ይላሉ (ይስላሉ፣ ግን እያጉረመረሙ)። እንጨት ግዙ። የቆሮሶ ቅርፊት ስትፍቁ በቢላው ጀርባ ይሁን። ዶሮም ስትበልቱ መገጣጠሚያውን ፈልጉ፣ አጥንት አትምቱ። አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ፤ ሎሚ ነክቶት ያደረ ቢላ አያሳዩአቸው። ከማንኪያና ከሹካ ጋር አንድ ላይ አትወርውሩት። የኔ እዚያ ነበር የሚኖረው፣ እንደ ቅል እየተንኳኳ።

እማዬ አሁንም አልተስማማችም። እሷ ሽንኩርት እጇ ላይ ነው የምትከትፈው፣ መክተፊያ አትወድም። ስለታም ቢላ መዳፏን ይዞባት እንዳይሄድ ትፈራለች፣ አልፈርድባትም። ለአባባ ስነግራቸው ሳቁና "እናትሽ ልክ ናቸው፣ የሳቸውን ለብቻ አምጪው" አሉኝ። የሷን ትንሽ ለዘብ አድርገው ሠሩላት፣ ይቆርጣል ግን አያስደነግጥም። "ሰውየው ጨዋ ናቸው" አለች። ከእማዬ አፍ ይህ ሽልማት ነው። ባለፈው እሑድ የኔን ቢላ ተደብቃ ስትሞክር ይዣታለሁ። ለወጥ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ከትፋ አይኗ ብዙም አላነባም፤ ስለታም ቢላ ሽንኩርቱን ስለማይጨፈልቀው የሚያስለቅሰው ነገር ትንሽ ነው የሚወጣው። ምክንያቱን ስነግራት "ሽንኩርቱ ደህና ስለሆነ ነው" ብላ ዘጋችኝ።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ሲኒ ላይ ቀና አደርጋለሁ፣ በየሁለት ሦስት ወሩ ድንጋይ። የተሸራረፈና የተቃጠለ ነገር ካለ ግን ራሳችሁን አታድክሙ፣ ለሳቸው ስጧቸው።

ስልካቸውን በአደባባይ አላወጣም፣ ቃል አስገብተውኛል። ግን ማግኘት አይከብድም። ሐይቁ ዳር ዓሣ ከሚሸጡት ልጆች ማንንም "ቢላ የሚስሉት አባባ" ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ሂዱ፣ ከረፋዱ በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ይነሳሉ። የበዓል ዋዜማ አትሂዱ፣ ወረፋው አያስደርስም፤ ከሳምንት በፊት ይሁን። መቀስና ማጭድም ይሠራሉ። ባለ ጥርስ የዳቦ ቢላ ግን አይነኩም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢላውን በወፍራም ጋዜጣ ወይም በፎጣ ጠቅልላችሁ ያዙ። እኔ መጀመሪያ ቀን ተስለው ሲሰጡኝ ደስ ብሎኝ በፌስታል ብቻ ይዤ ባጃጅ ገባሁ። ትንሽ እንደሄድን አንዱ ፌስታሉን ቀዶ ወጣ፣ እኔም እንዳይወድቅ በእጄ ይዤው ቁጭ አልኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ደግሞ አየኝ።

"እህቴ፣ በሰላም ነው?"