ያለቀ የትሮሊ ጎማ በምን ይልበስ? ጎማ፣ ፖሊዩሪቴን ወይስ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት

በሰሜን መንገዶች ዳር የቀሩትን አሮጌ ታንኮች እግር ልብ ብላችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቲ-55 የሚባለው ታንክ በአንድ ጎኑ አምስት ትልልቅ የብረት እግሮች (መንኮራኩሮች) አሉት። ዙሪያቸውን ጠጣር ጎማ ለብሰዋል። ንፋስ አይሞላም፣ ብረቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ የሚጓጓዝበት ትሮሊም ብዙ ጊዜ እንደዚሁ ነው። ሲያልቅ ታዲያ በምን እናልብሰው?

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አራት የትሮሊ እግር ርካሽ ቦታ አስለበስኩ። በሦስተኛው ሳምንት የአንዱ ጎማ እንደ ቀለበት ሙሉውን ወልቆ መጣ። ጎማው ምንም አልተበላም። ከሥሩ ያለው ብረት ግን የድሮ ቀለሙ እንኳ አልተፋቀም ነበር። በጣም አናዶኛል፣ ሸክሙ ላይ ሰው ቢኖር ምን ይፈጠር ነበር?

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ብረቱን እንዴት እንደሚያዘጋጁት ጠይቁ። አሮጌው ጎማ እስከ ብረቱ መነሳት አለበት። ብረቱ በአሸዋ ግፊት ተፍቆ ሻካራ ይሆናል፣ ቅባቱ ይጸዳል፣ ማጣበቂያ ይቀባል። ከዚያ ጥሬው ጎማ በፎርማ ውስጥ ተጨምቆ 150 ዲግሪ አካባቢ ይበስላል። «በኮላ እንለጥፈዋለን» ካሏችሁ ይዛችሁ ተመለሱ።

አሁን ወደ ምርጫው። ጎማ ለስላሳ ነው፣ ንዝረት ይውጣል፣ እርጥብ መሬት ላይም ይይዛል። ዳገትና ቁልቁለቱ ለበዛባት፣ ኮብልስቶን ለተነጠፈባት ደሴ እኔ ያለ ማመንታት ጎማ እመርጣለሁ። ጠላቱ ዘይትና ናፍጣ ነው። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከዚያ እየተቆረሰ ይወድቃል። ከባድ ሸክም ጭናችሁ ብዙ ቀን ካቆማችሁትም የተጫነበት በኩል ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

ፖሊዩሪቴን፣ ማለትም ጎማ የሚመስለው ሰው ሠራሽ ፕላስቲክ፣ ጠንከር ይላል። በእኩል መጠን ከጎማ የበለጠ ክብደት ይሸከማል፣ ቶሎ አያልቅም፣ ዘይት አይጎዳውም። ለስላሳ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲገፉትም ይቀላል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለመጋዘን የሚገዛ ሰው ዋጋው ቢበልጥም ይኼን ቢመርጥ ያዋጣዋል። ግን ሙቀት አይወድም። ሙሉ ጭነት ይዞ በፍጥነት ብዙ ከሮጠ ውስጡ ይግልና ከብረቱ ይለቃል። ወለሉ በሙቅ ውሃ የሚታጠብ ከሆነ ደግሞ ፖሊኤተር የሚባለውን ዓይነት ጠይቁ፤ ፖሊኤስተር የሚባለው ሙቀትና እርጥበት ሲደራረብበት ይበሰብሳል። እርጥብ ራምፕ (ተዳፋት መወጣጫ) ላይም ከጎማ ይልቅ ያንሸራትታል።

ሦስተኛው ከአሮጌ የከባድ መኪና ጎማ ቀለበት ቆርጦ በብሎን ማሰር ነው። ርካሽ ነው፣ ሥራውም በአንድ ቀን ይጠናቀቃል። በእርምጃ ፍጥነት ለሚሄድ የገበያ ጋሪ ይበቃል። ጎማው ሲሳሳ ግን የብሎኑ ራስ ብቅ ይልና ወለል ይቆፍራል። ለፎርክሊፍት በጭራሽ አታስቡት።

ስትረከቡ ጎማውና ብረቱ የሚገናኙበትን መስመር ዙሪያውን ተመልከቱ። ቀጭን ነገር የሚያስገባ ክፍተት ካለ አትቀበሉ። ኩሽኔታውንም በእጃችሁ አዙሩት፤ ከጎማው ጋር አብሮ ምድጃ ገብቶ ከሆነ ግሪሱ ፈሶ አልቋል። በመጨረሻ የአራቱንም እግር ዙሪያ በሜትር ለኩ። አንዱ በጥቂት ሚሊሜትር ካነሰ ትሮሊው በሦስት እግር ይቆማል፣ ሸክሙም እነዚያው ሦስቱ ላይ ይወድቃል።