ቱምብለር ላይ ነጠላ ይሸጣል?

ሽሮ ሜዳ ትንሽ የሀገር ልብስ ሱቅ አለችኝ። ቴሌግራምም ቲክቶክም ላይ አለሁ፤ የሌለ ማን አለ? ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ቱምብለርንም ሞክሪው እንጂ» ብላ ገጽ ከፈተችልኝ፤ ፎቶ፣ ቪዲዮና ጽሑፍ የሚለጠፍበት ማኅበራዊ ሚዲያ ነው። ስድስት ወር ሞከርኩት።

መጀመሪያ ያው የለመድነውን አደረግኩ። የቀሚስ ፎቶ፣ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር። ጭጭ! አንድ ቀን ግን ሸማኔያችን ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ መወርወሪያውን ከእጅ እጅ እያቀባበለ ጥለት ሲጥል ቀርጬ ለጠፍኩ። ዋጋ የለ፣ ስልክ የለ። ሰዉ ተቀባበለው። እዚያ ቤት አንዱ የሌላውን ልጥፍ ወስዶ በራሱ ገጽ ይለጥፋል፣ ከሥሩም የራሱን ቃል ይጨምርበታል። ያቺ ቪዲዮ ከሦስት ወር በኋላም ትዞር ነበር። ቴሌግራም ቻናሌ ላይ ብትሆን በአዲስ ዕቃ ፎቶ ተቀብራ ቀርታለች።

ቱምብለር የኢንተርኔት ኩባንያው ያሁ በ2013 እ.ኤ.አ. 1.1 ቢሊዮን ዶላር አውጥቶ የገዛው ቤት ነው፤ በ2019 ደግሞ የድረ ገጽ መሥሪያው የዎርድፕረስ ዶት ኮም ባለቤት፣ አውቶማቲክ የተባለው ኩባንያ ገዛው። ሰፈራችን ግን ስሙን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሽያጩስ? ሁለት ነጠላና አንድ ጋቢ፣ ሁሉም ወደ ውጭ። ለክትፎ ቤት ወይም ለስልክ ጠጋኝ አልመክርም፤ የእነሱ ደንበኛ እዚያ አይውልም። ሸማኔ፣ ሠዓሊ፣ የብር ጌጥ ሠሪ ግን እጁን ያሳይበት። ለገና ትዕዛዝ እኔም ቴሌግራሜን አልለቅም።