የስፖርት ሥነ ልቦና ሥልጠና ለውድድርና ለንግድ፦ የቱ ክፍሉ ይሠራል?

ለስፖርተኛውም ለነጋዴውም የሚሸጠው የአእምሮ ብቃት ሥልጠና አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። በሳምንት አንዴ ከባለሙያው ጋር ቀጠሮ አለ፤ በመካከሉ የቤት ሥራ ይሰጣል። ይዘቱ ከአንዱ ባለሙያ ወደ ሌላው ሲሄዱ ብዙም አይለወጥም፤ ግብ ማውጣት፣ አተነፋፈስ፣ ለራስ መናገር፣ በምናብ መለማመድ፣ ከውድድር በፊት የሚደረግ ቋሚ ሥርዓትና ከውድድር በኋላ የሚደረግ ግምገማ ናቸው። እዚህ የምንመዝነው ይህንኑ የተለመደ አገልግሎት ነው። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ለስፖርተኛ ገንዘብ የሚወጣበት ሥልጠና ነው፤ ለነጋዴ ግን ሳምንታዊ የልምምድ ሰዓት ካልተመደበለት ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፎ ይቀራል።

የባለሙያው ደረጃ ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ ይታወቃል። ደካማው ረጅም መጠይቅ አስሞልቶ «የእርስዎ ባሕርይ እንዲህ ዓይነት ነው» የሚል ባለ ቀለም ሠንጠረዥ ይሰጣል። ጎበዙ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፤ አንዱ የልምምድ ውጤት፣ ሌላው የውድድር ውጤት። ቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ በልምምድ ከ10 ነፃ ውርወራ 8 እያስገባ በጨዋታ 5 ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ችግሩ የሥነ ልቦና ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ቦታ 5 የሚያስገባ ከሆነ ግን ችግሩ የእጅ አያያዝና የአወራወር ነው፤ መመለስ ያለበትም ወደ አሠልጣኙ ነው። ለሽያጭ ሠራተኛም መለኪያው ይኸው ነው። ስለሚሸጠው ዕቃ ከባልደረባው ጋር በእርጋታ ተቀምጦ እንኳ መመለስ የማይችለውን ጥያቄ ደንበኛ ፊት ሲጠየቅ ቢንተባተብ፣ የጎደለው ዕውቀት እንጂ ድፍረት አይደለም። ይህን ልዩነት ሳያጣሩ ሥልጠና የሚጀምሩ ብዙ ናቸው፤ ደንበኛውም ከስምንት ሳምንት በኋላ «አልሠራልኝም» ብሎ ይሄዳል።

ግብ የማውጣቱ ክፍል በአብዛኛው በደህና ይሰጣል። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላተም ለዓመታት ባካሄዱት ጥናት ግልጽና ፈታኝ ግብ «የተቻለህን አድርግ» ከሚለው የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ አሳይተዋል። የሚበላሸው ከውጤት ግብ ወደ አሠራር ግብ ሳይወርድ ሲቀር ነው። «ውድድሩን ማሸነፍ» ወይም «የወሩን የሽያጭ ዕቅድ መሙላት» በሌሎች ሰዎች ውሳኔ ላይም ይንጠለጠላል። «ዋጋ ከመናገሬ በፊት ስለ ፍላጎቱ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ» የሚለው ግን ሙሉ በሙሉ በሠራተኛው እጅ ነው። እዚህ ላይ «እንዲህ ከሆነ፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚለውን የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የፒተር ጎልዊትዘርን አቀራረብ የማያስተምር ሥልጠና ትልቅ ነገር አጉድሏል። ምሳሌው አጭር ነው፦ «ደንበኛው ውድ ነው ካለ፣ ዋጋ ከመቀነሴ በፊት ከምን ጋር ሲነፃፀር እንደሆነ እጠይቃለሁ።» ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ፣ ልብ በሚመታበት ሰዓት ማሰብ አያስፈልግም። ከሦስት በላይ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ማሸከም ግን አይመከርም፤ በጭንቀት ሰዓት አንዱም አይታወስም። ሥራው ገና ለሚማር ሰው ደግሞ ከባድ የውጤት ግብ መስጠት ይጎዳል፤ ለጀማሪ የሚሻለው «ይህን ሦስት መንገድ ሞክሬ የትኛው እንደሚሻል አያለሁ» የሚል የመማር ግብ ነው።

በአተነፋፈስና በመረጋጋት ክፍል ላይ ቅሬታ አለን። ብዙ አሠልጣኞች ከ1908ቱ የየርክስና ዶድሰን ሙከራ የተወሰደውን፣ መነቃቃት ሲጨምር ውጤት እስከ መካከሉ ከፍ ብሎ ከዚያ እንደሚወርድ የሚያሳየውን የተገለበጠ ጎድጓዳ መስመር ግድግዳ ላይ ለጥፈው «መካከለኛ መነቃቃት ለሁሉም ይበጃል» ይላሉ። ያ ሙከራ የተሠራው በአይጦች ላይ ነው። ዩሪ ሃኒን ስፖርተኞችን ተከታትሎ ያሳየው ደግሞ እያንዳንዱ ሰው የየራሱ የሚመቸው ደረጃ እንዳለው ነው። ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ መሆን አለበት፦ ከእያንዳንዱ ውድድር ወይም ስብሰባ አምስት ደቂቃ በፊት የመነቃቃትን ደረጃ ከ0 እስከ 10 መጻፍ፣ ከጎኑ ውጤቱን ማስፈር፣ አሥር ያህል ሲጠራቀም ማየት። አንዱ 4 ላይ ሆኖ ጥሩ ይሠራል፤ ሌላው 8 ካልደረሰ አይሞቅም። ሁለተኛውን «ተረጋጋ» ማለት ማበላሸት ነው።

አተነፋፈሱ ራሱ ቀላል ነው። በአፍንጫ 4 ሰከንድ ማስገባት፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት፤ ይህ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ይሆናል። በየቀኑ 5 ደቂቃ ይበቃል። የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው «በጥልቀት ተንፍስ» ሲባል ሰው በፍጥነትም ስለሚያደርገው በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ራስ ይዞራል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ ጭንቀቱም የባሰ ይመስላል። መድኃኒቱ ትንፋሹን ዝግ ማድረግና ማስወጫውን ማስረዘም ነው። ሁለተኛው ልምምዱ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ተጋድሞ ብቻ መሠራቱ ነው። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ ቆሞ፣ ከዚያ ከሩጫ በኋላ፣ ከዚያ በጫጫታ መካከል ካልተሠራ ሜዳ ላይ አይገኝም። ልብ አልረጋ ካለ ደግሞ መታገል አያስፈልግም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ በ2014 ባሳተመችው ጥናት ዘፈን፣ ንግግርና ሒሳብ በቀረቡበት ሙከራ «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የተናገሩ ሰዎች ለመረጋጋት ከሞከሩት የተሻለ ሠርተዋል። የሚመታው ልብ ያው ነው፤ የሚሰጠው ትርጉም ግን ተለውጧል።

ለራስ መናገር ላይ የሚሰጡት መፈክሮች አብዛኞቹ ከንቱ ናቸው። «አንበሳ ነኝ» የሚለው ክብደት ለሚያነሣ ሰው ጉልበት ሊሰጠው ይችላል፤ ጎልፍ ለሚመታ ወይም ቀስት ለሚወረውር ግን የሚጠቅመው ከአንድ እስከ ሦስት ቃል የሆነ መመሪያ ነው፦ «ለስላሳ»፣ «እስከ መጨረሻ»፣ «ዒላማ»። አሉታዊ ቃል አይገባም። ዳንኤል ዌግነር በ1987 ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ ሲያዛቸው ድቡ ደጋግሞ እንደመጣባቸው ሁሉ፣ «እንዳልስት» የሚልም ሰው አእምሮው መሳቱን ይዞ ይቆያል። የበለጠ የሚያሳስበው ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ቃል መስጠት ነው። ሲያን ባይሎክ እንዳሳየችው የሠለጠነ ሰው እንቅስቃሴውን ደረጃ በደረጃ መከታተል ሲጀምር ያወቀው ሥራ ይበላሽበታል። ለጀማሪ «ክርንህን አስገባ» ማለት ይረዳል፤ ለነባሩ ግን ቃሉ ወደ ዒላማው ወይም ወደ ምቱ መምራት አለበት። ንግግር አቅራቢም እንዲሁ ነው። ልምድ ያለው ተናጋሪ እጁን የት እንደሚያሳርፍ ሲያስብ ይደነቃቀፋል፤ «ለኋለኛው ረድፍ» የሚል አንድ ቃል ግን ድምፁን ያነሣለታል።

በምናብ መለማመድ ብዙ ተስፋ የሚጣልበትና በጣም በመጥፎ የሚሠራ ክፍል ነው። ዋንጫ ማንሣትን ዓይን ጨፍኖ ማየት ልምምድ አይባልም። ሆልምስና ኮሊንስ በ2001 ያቀረቡት ሞዴል ሰባት ነገር ይጠይቃል፦ አካላዊ ሁኔታ፣ አካባቢ፣ ተግባር፣ ጊዜ፣ የመማር ደረጃ፣ ስሜትና የዕይታ አቅጣጫ። በተግባር ሲተረጎም፣ ሯጩ የመወዳደሪያ ጫማውን አድርጎ፣ በመነሻ አቋም ሆኖ፣ የውድድሩን ሜዳ በቪዲዮ አይቶ፣ በእውነተኛው ፍጥነት ያስበዋል። የሰዓት መቆጣጠሪያ መያዝ ይገባል፤ በእውነት 50 ሰከንድ የሚፈጀው ሩጫ በምናብ በ30 ሰከንድ ካለቀ ተዘልሎ የታለፈ ክፍል አለ። ነጋዴውም አዳራሹ ውስጥ ቆሞ፣ የስላይድ መቀያየሪያውን በእጁ ይዞ፣ የመጀመሪያውን 60 ሰከንድ ድምፁን አውጥቶ ይለዋል። ከዚያ ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ፣ ከባዱ ጥያቄ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ አሻግሮ ያየዋል፤ ብልሽቱን ብቻ ሳይሆን የሚነሣበትንም ጭምር። በአንድ ጊዜ 10 ደቂቃ፣ በሳምንት 3 ወይም 4 ጊዜ ይበቃል። ከ20 ደቂቃ በላይ ሲረዝም ትኩረቱ ይላላል። አካላዊ ልምምድን ይደግፋል እንጂ አይተካም፤ «በምናብ ብቻ ይሻሻላሉ» የሚል ማስታወቂያ ካዩ ይለፉት።

ከሁሉም የምንወደው ክፍል ቋሚ ሥርዓቱ ነው፤ ለዚህ አንድ ክፍል ሲባል ብቻ ሥልጠናውን መውሰድ ይቻላል። በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ሕግ ነፃ ውርወራ የሚወረውረው ተጫዋች ኳሱ ከተሰጠው በኋላ 5 ሰከንድ ብቻ አለው። ስለዚህ ሥርዓቱ በሰዓት ተለክቶ መሠራት አለበት፦ ኳስ መቀበል፣ አንዴ ማንጠር፣ ትንፋሽ ማስወጣት፣ ዓይንን የቀለበቱ ጠርዝ ላይ መትከል፣ ቃሉን ማለት፣ መወርወር። ሦስት ጊዜ ማንጠርና ሁለት ትንፋሽ የሚያዝ ባለሙያ ሕጉን አልቆጠረም። በእግር ኳስ ፍፁም ቅጣት ምት ላይ ደግሞ ጌይር ዮርዴት ያጠናው ተቃራኒውን ችግር ነው፤ ፊሽካው እንደተነፋ የሚቸኩሉት መቺዎች የበለጠ ይስታሉ። ለእነሱ ሥርዓቱ ከፊሽካው በኋላ አንድ ሙሉ ትንፋሽ መጨመር ይኖርበታል። ቴኒስ ውስጥ በነጥቦች መካከል 25 ሰከንድ አለ፤ ያለፈውን መተው፣ መተንፈስ፣ ቀጣዩን መወሰን፣ መዘጋጀት በዚያ ውስጥ ይገባሉ።

ሥርዓትና ገድ ግን ይለያያሉ። ሥርዓት የሚሠራው በተጫዋቹ እጅ ባለ ነገር ነው። ካልሲ ሲጠፋ የሚፈርስ ከሆነ ሥርዓት አልነበረም።

ለድርድር የሚሆነው ሥርዓት ከክፍሉ ውጭ 5 ደቂቃ ይወስዳል። ስልክ ይጠፋል፤ ሦስት ዝግ ያሉ ትንፋሾች ይወሰዳሉ፤ ከዚያ በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ የተጻፉ አራት መስመሮች ይነበባሉ፦ በመክፈቻ የማቀርበው ዋጋ፣ ከዚህ በታች የማልወርድበት ዋጋ፣ ካልተስማማን ያለኝ ሌላ አማራጭ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው ጥያቄ። ካርዱ ከዋዜማው መጻፍ አለበት። በር ላይ ቆሞ የሚጻፍ የመጨረሻ ዝቅተኛ ዋጋ ድርድሩ ሲሞቅ ይወርዳል።

የብዙዎቹ ሥልጠናዎች ትልቁ ጉድለት ጫና ውስጥ አለማለማመዳቸው ነው። ባይሎክና ካር በ2001 ባደረጉት ሙከራ በቪዲዮ እየተቀረጹ ጎልፍ መምታት የተለማመዱ ሰዎች ጫና ሲመጣ አልተሸነፉም። ይህን ማድረግ ውድ አይደለም፦ ካሜራ፣ ተመልካች፣ አንድ ዕድል ብቻ፣ ሲስት የሚከፈል ትንሽ ዋጋ። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ እንዲህ ያለ ልምምድ በፕሮግራሙ ከሌለ ለምን እንደሌለ መጠየቅ ተገቢ ነው። በራስ መተማመንም ከዚሁ ነው የሚመጣው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 ከዘረዘራቸው አራት የመተማመን ምንጮች ጠንካራው ራስ ሠርቶ መሳካት ነው፤ የሌላ ሰው ማበረታቻ ግን ከዚያ በእጅጉ ይደክማል። በጭብጨባና በከፍተኛ ሙዚቃ የሚሞላ ቀን የሚሸጥልዎ ሰው የሚሸጠው ደካማውን ነው።

አሁን ወደ ንግዱ። ስፖርተኛ ለጥቂት ደቂቃ ውድድር ለወራት ይለማመዳል፤ ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ይወዳደራል እንጂ አይለማመድም። ሥልጠናው ከሜዳ ወደ ቢሮ ሲሻገር የሚደክመው በዚህ ምክንያት ነው። መሣሪያው አንድ ዓይነት ሆኖ የሚጠቀሙበት ሰዓት ስለሌለ ይዝጋል። መፍትሔው በየሳምንቱ 45 ደቂቃ መመደብ ነው፤ 10 ደቂቃ አንድ ሁኔታ መምረጥ፣ 20 ደቂቃ ተራ በተራ ደንበኛና ሻጭ ሆኖ መጫወት፣ 15 ደቂቃ ቅጂውን አይቶ እንደገና መሥራት። እንደገና መሥራቱ ከተዘለለ ልምምዱ ወሬ ብቻ ይሆናል። ሌላው ልዩነት ውጤቱ ነው። የጨዋታ ነጥብ ወዲያው ይታወቃል፤ የንግድ ውሳኔ ግን ከወራት በኋላና ከዕድል ጋር ተደባልቆ ስለሚመጣ መለካት ያለበት አሠራሩ ነው። ስንት ጊዜ ሁለቱን ጥያቄ ጠየቀ? ስንት ጊዜ ካርዱን ይዞ ገባ?

ግምገማው በዚያው ቀን፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፦ ምን ለማድረግ ወጣን፣ ምን ሆነ፣ በሚቀጥለው አንድ ነገር ምን እንለውጣለን። ታኔንባውምና ሴራሶሊ በ2013 ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመዝኑ በወጉ የተደረገ ግምገማ የሥራ ውጤትን በአማካይ በ25 በመቶ ገደማ እንደሚያሻሽል አግኝተዋል። ነገር ግን አስተያየት ሁሉ አይጠቅምም። ክሉገርና ደኒሲ በ1996 ባደረጉት ተመሳሳይ ምዘና ከተመዘኑት አስተያየቶች ከሦስት አንዱ በላይ ውጤትን ዝቅ አድርጓል፤ በተለይ ከሥራው ወጥቶ ወደ ሰውየው ማንነት ሲዞር። «ዛሬ ደክመሃል» ሳይሆን «ዋጋውን በሁለተኛው ደቂቃ ተናገርክ» መባል አለበት።

ውል ከመፈረም በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ይያዝ። ገንዘቡን የሚከፍለው ክለብ ወይም ድርጅት ከሆነ፣ ሠልጣኙ የተናገረውን ማን ያያል? መልሱ «መገኘትና አለመገኘት ብቻ ለከፋዩ ይነገራል» ካልሆነ ሰው አፉን አይከፍትም፤ ሥልጠናውም ከላይ ከላይ ይሆናል። ሁለተኛ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የቆየ ድብርት ወይም የአመጋገብ መዛባት ሲታይ ባለሙያው ወደ ሐኪም የሚልክበት መንገድ ይኑር፤ የአእምሮ ብቃት ሥልጠና ሕክምና አይደለም። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ የተወሰዱት ሁለት ቁጥሮች በ8ኛው ሳምንትና ሥልጠናው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና ይለኩ፤ የመጨረሻው ክፍያም ከዚህ ከመጨረሻው ልኬት በኋላ ይፈጸም።