ስታቲክ ወይስ ዳይናሚክ? ከ14 ወር የኪውአር ኮድ አጠቃቀም በኋላ

የምሠራቸው የጠረጴዛ መብራቶች እግር ላይ ትንሽ ስቲከር እለጥፋለሁ። ስቲከሩ ላይ ኪውአር ኮድ አለ፤ የስልክ ካሜራ ሲደገንበት የአጠቃቀም መመሪያው ይከፈታል። በ14 ወር ውስጥ መጀመሪያ ዳይናሚኩን ያዝኩ፣ ከዚያ ተናድጄ ወደ ስታቲኩ ዞርኩ፣ አሁን ደግሞ መሃል ላይ ነኝ።

ልዩነቱን ለማያውቅ ሰው፦ ስታቲክ ኮድ ሊንካችሁን ራሱን ነው የሚይዘው። ስልኩ ያነበዋል፣ አለቀ። ዳይናሚኩ ውስጥ ያለው ግን የአገልግሎት ሰጪው አጭር አድራሻ ነው። ስካን ያደረገው ሰው መጀመሪያ እነሱ ጋ ይደርሳል፣ እነሱ ወደ እናንተ ገጽ ይልኩታል። ስለዚህ የታተመውን ሳትነኩ መድረሻውን መቀየር ትችላላችሁ።

ይህ ቀልድ አይደለም። በሦስተኛው ወር መመሪያውን ወደ ሌላ ገጽ አዛወርኩት። 600 ስቲከር ታትሞ ነበር፣ ግማሹም ተሸጧል። ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። የስካን ቁጥሩንም ወድጄው ነበር፤ አብዛኛው ስካን ማታ ማታ ነው የሚመጣው። መብራት አይደል፣ ሰው ሲመሽ ያስታውሰዋል። (ከቁጥሩ ውስጥ የራሴ ሙከራም ብዙ ነው፣ አልዋሽም።)

በስምንተኛው ወር የባንክ ካርዴ ጊዜው አለፈ። የዳይናሚኩ ወርሃዊ ክፍያ አልተቆረጠም፣ ማስጠንቀቂያው ደግሞ አላስፈላጊ ኢሜይሎች ውስጥ ገብቶ ተቀብሯል። ያወቅሁት አንዲት ደንበኛ የስልኳን ስክሪን ፎቶ ስትልክልኝ ነው። «ይህ ኮድ አገልግሎት ላይ አይደለም» ይላል፤ ከሥሩ የድርጅቱ ማስታወቂያ ተደርድሯል። በእኔ መብራት፣ በእኔ ስቲከር! ስከፍል ኮዱ ተመለሰ። ካርዱን አለማደሴ የራሴ ጥፋት ነው፤ ማስታወቂያው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወዲያው ስታቲክ አሠራሁ። እዚህም ተሸወድኩ። ሊንኬ 118 ፊደል ነበር። ኪውአር ኮድ ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር ካሬዎቹ ይበዛሉ፤ ትንሹ 21 በ21 ነው፣ ትልቁ 177 በ177። በዚያ ላይ የስህተት ማረሚያውን ከፍተኛው ደረጃ ላይ አደረግሁት። ደረጃዎቹ አራት ናቸው፦ እንደ ቅደም ተከተላቸው ከኮዱ 7፣ 15፣ 25 እና 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽም ይነበባል። የጃፓኑ ዴንሶ እ.ኤ.አ. በ1994 ኮዱን ያወጣው የመኪና ዕቃ ለመቆጣጠር ነውና ቅባትና ቆሻሻ መቻል ነበረበት። የእኔ መብራት ግን ቅባት አይነካውም። ለከንቱ ጥንቃቄ ስል 57 በ57 የሆነ ጉንዳን የፈሰሰበት የሚመስል ነገር ሁለት ሴንቲሜትር ስቲከር ላይ አሳተምኩ። አዲስ ስልክ ያነበዋል፣ የቆየ ስልክ ግን ይቸገራል።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው፦ በራሴ ዶሜይን (በስሜ በተመዘገበ የድረ ገጽ አድራሻ) ላይ ወደ መመሪያው የሚልክ 24 ፊደል ያለው አጭር አድራሻ ከፈትኩ፣ ማረሚያውን 15 በመቶ ላይ አድርጌ በስታቲክ ኮድ አሳተምኩት። 25 በ25 ወጣ፤ አሮጌው ስልኬ እንኳ ቶሎ ያነበዋል። ዙሪያውን የአራት ካሬ ስፋት ነጭ ቦታ መተው እንዳትረሱ። መድረሻውን መቀየር ስፈልግ ሰርቨሬ (አድራሻውን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ላይ አንድ መስመር አስተካክላለሁ። ስካኑንም ሰርቨሩ ይመዘግብልኛል። ዶሜይኑን በየዓመቱ ማደስ አለብኝ፤ ግን ዶሜይኑን የመዘገበልኝ ድርጅት ካስቀየመኝ ይዤው ወደ ሌላ እሄዳለሁ። የዳይናሚኩን አጭር አድራሻ ይዞ መሄድ አይቻልም፣ የእነሱ ነው።

ዶሜይን ከሌላችሁ፣ ለአንድ ሰሞን ዝግጅት ፖስተር ዳይናሚክ ይበቃል። ለዋይፋይ ስታቲክ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ስትቀይሩ እንደገና ታትማላችሁ።

እኔ ግን የዳይናሚኩን ወርሃዊ ክፍያ ዛሬም አላቋረጥኩም። እነዚያ 600 ስቲከሮች ሰው ቤት ናቸው፣ መብራቶቹ እስኪበላሹ መክፈሌ ነው። ደግሞ እንዳይበላሹ አድርጌ ነው የሠራኋቸው።